ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን፤ የኢትዮጵያ አየር ኃይል አዛዥ

በጦር ታሪክ ውስጥ ስማቸው የሚነሣ አዛዦች አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቁት ባሸነፏቸው ጦርነቶች፣ ባዘመቱት ሠራዊት ብዛትና በደረሱበት ማዕረግ ነው። የኮሎኔል ጆን ቻርልስ ሮቢንሰን ታሪክ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ይመሩት የነበረው አየር ኃይል ለውጊያ የሚበቃ ዘመናዊ አይሮፕላን አልነበረውም። የተሰለፉበት ጦርነት በጊዜው በሽንፈት አለቀ። የአንድ አገር አየር ኃይል አዛዥ እስከ መሆን ቢደርሱም ማዕረጋቸው ከኮሎኔልነት አላለፈም። ያም ሆኖ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ታሪክ በተነሣ ቁጥር ስማቸው አብሮ ይነሣል። ምክንያቱን ለመረዳት፣ እኚህ ሰው ከየት ተነሥተው በምን መንገድ ወደ ኢትዮጵያ ሰማይ እንደ ደረሱ መመልከት ያስፈልጋል።

ጆን ሮቢንሰን የተወለዱት በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ፣ በሰሜን አሜሪካ፣ በፍሎሪዳ ግዛት፣ ካራቤል በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። አባታቸው የሞቱት እሳቸው ገና ሕፃን ሳሉ ነበር። እናታቸውም ልጆቻቸውን ይዘው በሚሲሲፒ ግዛት ወደምትገኘው ወደ ገልፍፖርት ከተማ ሄዱና እዚያ ቻርልስ ኮብ የሚባሉ የባቡር ሐዲድ ኩባንያ ሠራተኛ አገቡ። እንጀራ አባት ሲባል ክፉ ማሰብ የተለመደ ቢሆንም፣ ኮብ ልጁን እንደ አብራካቸው ክፋይ አድርገው አሳደጓቸው። ከብረትና ከሞተር ጋር የሚውሉ ሰው ስለ ነበሩም፣ ልጁ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የመኪና ነገር ዓይናቸውን ይስበው ጀመር።

በዚያን ዘመን በደቡባዊ አሜሪካ ጥቁር ሆኖ መወለድ ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። የባርነት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1865 በሕግ ቢሻርም፣ በስፍራው የተተካው ጥቁርንና ነጭን የሚለያይ ሕግ ነበር። ጥቁሮች ከነጮች ጋር በአንድ ትምህርት ቤት አይማሩም፤ በባቡር በአንድ ፉርጎ አይቀመጡም፤ በአንድ ምግብ ቤት አይበሉም። የመምረጥ መብታቸው በልዩ ልዩ ዘዴ ተነፍጎ ነበር። ይህን ሥርዓት ተዳፍሮ የተገኘ ጥቁር በአደባባይ እስከ መሰቀል ይደርስ ነበር። ሮቢንሰን በልጅነታቸው በገልፍፖርት አንድ አይሮፕላን ሲበር አይተው ልባቸው እንደ ተሰቀለ ይነገራል። ነገር ግን በአካባቢው ለሚኖር ጥቁር ልጅ አይሮፕላን ማብረር ይቅርና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን መፈጸም እንኳ ቀላል ጉዳይ አልነበረም።

ወላጆቻቸው ከዕለት ጉርሳቸው እየቆጠቡ ልጃቸውን በአላባማ ግዛት ወደሚገኘው ወደ ተስኪጊ ተቋም ላኩ። ይህን ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1881 ማስተማር የጀመረው፣ በባርነት ተወልዶ በትምህርት ራሱን ነፃ ያወጣው ቡከር ዋሽንግተን ነበር። የተቋሙ ዓላማ ጥቁር ወጣቶች ከቀለም ትምህርት ጋር የእጅ ሙያ እንዲጨብጡ ማድረግ ነበር። ሮቢንሰንም የአውቶሞቢል ጥገና ሙያ ተምረው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ ተመረቁ። ከዚያም በደቡብ ለተማረ ጥቁር ተስማሚ ሥራ ማግኘት አዳጋች ስለ ነበር ወደ ሰሜን ተጓዙ። በመጀመሪያ በዲትሮይት፣ ቀጥሎም በቺካጎ ከተማ በመኪና ጥገና ሙያቸው ይተዳደሩ ጀመር። ጥሩ መካኒክ በመሆናቸው ኑሯቸው ተደላደለ። ይሁን እንጂ የልጅነት ምኞታቸው ከልባቸው አልወጣም ነበር።

በዚያ ጊዜ በአሜሪካ የበረራ ትምህርት ቤቶች ጥቁር ተማሪ የሚቀበል ማግኘት እጅግ የሚያስቸግር ነበር። ቤሲ ኮልማን የምትባለው ጥቁር አሜሪካዊት ሴት አይሮፕላን ማብረር በፈለገች ጊዜ በአገሯ የሚያስተምራት አጥታ፣ ፈረንሳይኛ ተምራ፣ ውቅያኖስ ተሻግራ እ.ኤ.አ. በ1921 የአብራሪነት ፈቃዷን ያገኘችው በፈረንሳይ አገር ነበር። ሮቢንሰንም በቺካጎ ወደነበረው ወደ ከርቲስ ራይት የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ቢያመለክቱ በቀለማቸው ምክንያት በሩ ተዘጋባቸው።

በሩ የተዘጋበት ሰው ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይም ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል፣ ወይም ሌላ መግቢያ ይፈልጋል። ሮቢንሰን የመረጡት ሁለተኛውን ነው። በተማሪነት አልቀበልም ባላቸው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት እንደ ተቀጠሩ ይተረካል። መጥረጊያቸውን ይዘው በክፍሉ ጥግ እየቆሙ ትምህርቱን ያዳምጣሉ፤ ተማሪዎቹ ሲወጡም ሰሌዳው ከመደምሰሱ በፊት የተጻፈውን ይገለብጣሉ። የተማሩትንም ለራሳቸው ብቻ አልያዙትም። ኮርኔልየስ ኮፊ ከተባሉት የሙያ ጓደኛቸው ጋር ሆነው ጥቁር ወጣቶችን በመሰብሰብ የጥናት ቡድን አቋቋሙ። በመጨረሻም ትጋታቸውና ችሎታቸው ስለታየ፣ አሻፈረኝ ማለትም ለትምህርት ቤቱ ስለ ከበደው፣ ሁለቱም ገብተው እንዲማሩ ተፈቀደላቸውና እ.ኤ.አ. በ1931 ተመረቁ። ብዙም ሳይቆይ ሮቢንሰን በዚያው ትምህርት ቤት ጥቁር ተማሪዎችን እንዲያስተምሩ ተጠየቁ። ወለል ይጠርጉበት በነበረው ቤት መምህር ሆኑ።

የሮቢንሰን ጠባይ ከዚህ ጀምሮ በግልጽ ይታያል። ለራሳቸው የተከፈተላቸውን በር ከኋላቸው ለሚመጡት ክፍት አድርጎ መተው የሕይወታቸው ልማድ ነበር። ጥቁር አብራሪዎች በቺካጎ የአይሮፕላን ማረፊያዎች እንደ ልብ መጠቀም ስለማይችሉ፣ ሮቢንሰንና ጓደኞቻቸው ቻሌንጀር የሚባል የአብራሪዎች ማኅበር አቋቁመው ነዋሪዎቿ ጥቁሮች በሆኑባት በሮቢንስ ከተማ የራሳቸውን ማረፊያ ሜዳ ሠሩ። ድንጋዩን ለቅመው፣ ዛፉን ቆርጠው፣ መሬቱን ደልድለው ያዘጋጁት በእጃቸው ነው። የአይሮፕላን መጠለያቸውን ማዕበል አፈራርሶባቸው እንኳ ሥራቸውን አላቋረጡም። ከማኅበሩ አባላት መካከል ሴቶችም ነበሩበት።

እ.ኤ.አ. በ1934 ሮቢንሰን ከጓደኞቻቸው ጋር ከቺካጎ ተነሥተው ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤታቸው ወደ ተስኪጊ በረሩ። ከአይሮፕላኖቹ አንዱ በመንገድ ላይ ተሰበረ፤ ሮቢንሰን ግን በሌላው ጉዞውን ቀጥለው ደረሱ። ዓላማቸው ትምህርት ቤቱ ለጥቁር ወጣቶች የበረራ ትምህርት እንዲጀምር ማግባባት ነበር። ሐሳቡ ለጊዜው ፍሬ ባይሰጥም ዘሩ አልጠፋም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዝና ያተረፉት ጥቁር የአሜሪካ ጦር አብራሪዎች የሠለጠኑት በዚያው በተስኪጊ ነው።

ሮቢንሰን በቺካጎ ይህን ሲያከናውኑ በሩቅዋ ኢትዮጵያ የጦርነት ደመና እያንዣበበ ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በኦጋዴን፣ በወልወል የውሃ ጉድጓዶች አካባቢ የኢጣልያ ወታደሮችና የኢትዮጵያ ጦር ተጋጩ። ፋሺስት ኢጣልያ በአድዋ የደረሰባትን ሽንፈት ለመበቀልና ኢትዮጵያን ቅኝ ግዛቷ ለማድረግ ሰበብ ትፈልግ ስለ ነበር፣ ይህን ግጭት ምክንያት አድርጋ ለወረራ መዘጋጀት ጀመረች። ወሬው አሜሪካ ሲደርስ የጥቁሮች ልብ ተነካ። አብዛኛው የአፍሪካ ክፍል በቅኝ አገዛዝ ቀንበር ሥር በወደቀበት ዘመን ነፃነቷን ጠብቃ የቆየች ኢትዮጵያ፣ በተለይም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ ካገኘችው ድል ወዲህ፣ በዓለም ላሉ ጥቁር ሕዝቦች ሁሉ የኩራት ምንጭ ነበረች። በመሆኑም በብዙ ከተሞች ጥቁር አሜሪካውያን ሰላማዊ ሰልፍ ወጡ፤ ገንዘብ አዋጡ፤ ለመዝመትም ተመዘገቡ። ይሁን እንጂ የአሜሪካ መንግሥት ዜጎቹ በባዕድ ጦር ውስጥ እንዳይገቡ ይከለክል ስለ ነበር፣ ምኞታቸው የተፈጸመላቸው እጅግ ጥቂቶች ነበሩ።

በዚያ ጊዜ ዶክተር መላኩ በያን በዋሽንግተን ከተማ በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርታቸውን በመፈጸም ላይ ነበሩ። ኢትዮጵያን በሙያቸው ሊረዱ የሚችሉ ጥቁር አሜሪካውያንን ይፈልጉ ስለ ነበር የሮቢንሰን ዝና ወደ ጆሯቸው ደረሰ። ተገናኝተው ከተመካከሩ በኋላ ሮቢንሰን ከኢትዮጵያ መንግሥት ጥሪ ቀረበላቸው። በቺካጎ የተደላደለ ሥራ ነበራቸው፤ ተማሪዎች ነበሯቸው፤ የሚሄዱበትን አገር አይተውት አያውቁም፤ ከጦርነቱ በሕይወት ለመመለሳቸውም ዋስትና አልነበረም። ሆኖም ጥሪውን ተቀብለው በ1927 ዓ.ም. በግንቦት ወር አዲስ አበባ ገቡ።

በኢትዮጵያ የአይሮፕላን ታሪክ በዚያን ጊዜ ገና የጥቂት ዓመታት ዕድሜ ነበረው። የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊን የመሳሰሉ ቀዳሚ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሠልጥነዋል። በአገሪቱ የነበሩት አይሮፕላኖች ቁጥር ግን ከሁለት ደርዘን አይበልጥም ነበር። ከነዚያም ውስጥ ብዙዎቹ ያረጁና መለዋወጫ ያጡ በመሆናቸው በአንድ ጊዜ ለመብረር የሚችሉት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። ሮቢንሰን እንደ ደረሱ ሥራቸውን የጀመሩት ከሚያውቁት ነገር ነው። ሞተሮቹን አስፈትተው አስጠገኑ፤ ወጣት ኢትዮጵያውያንን ስለ በረራና ስለ ጥገና ማስተማር ጀመሩ።

ከሳቸው በፊት ሁበርት ጁልያን የሚባል በትሪኒዳድ የተወለደ ጥቁር አብራሪ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። ጁልያን ዝናን የሚወድ ሰው ሲሆን፣ በ1923 ዓ.ም. ከንግሥ በዓሉ ጥቂት ቀደም ብሎ የንጉሠ ነገሥቱን አይሮፕላን ሰብሮ ከአገር እንዲወጣ ተደርጎ ነበር። ጦርነቱ ሲቃረብ ተመልሶ ቢመጣም ከሮቢንሰን ጋር ሊስማሙ አልቻሉም። በሁለቱ መካከል ጠብ ከተነሣ በኋላ ጁልያን ከአየር ኃይሉ ተገለለ። ሮቢንሰን ግን በሥራቸው ታማኝነትን ስላተረፉ በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ በኮሎኔልነት ማዕረግ የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆነው ተሾሙ።

አዛዥነቱ ታላቅ ክብር ቢሆንም ሸክሙ ከክብሩ ይከብድ ነበር። ኢጣልያ በኤርትራና በሶማሊያ በኩል በመቶ የሚቆጠሩ የውጊያና የቦምብ ጣይ አይሮፕላኖች አሰልፋ ነበር። ኃያላን መንግሥታት ደግሞ ለሁለቱም ወገኖች መሣሪያ አንሸጥም በሚል ሰበብ፣ ራሷ መሣሪያ የምትሠራውን ኢጣልያን ሳይጎዱ ኢትዮጵያን ባዶ እጅዋን አስቀሯት። በዚህ ሁኔታ የሮቢንሰን አየር ኃይል ጠላትን በሰማይ ላይ ገጥሞ ሊዋጋ አይችልም ነበር። አንድ አዛዥ የሌለውን ኃይል እንዳለው አድርጎ ቢያስብ ሰዎቹን ለከንቱ ሞት ይዳርጋል። ሮቢንሰን ይህን በመገንዘብ ያሏቸውን አይሮፕላኖች ሊሠሩ በሚችሉት ተግባር ላይ አዋሏቸው። መልእክት ማድረስ፣ መድኃኒት ማጓጓዝ፣ የጠላትን አሰላለፍ መቃኘትና ባለሥልጣኖችን ከግንባር ግንባር ማመላለስ የአየር ኃይሉ ዋና ሥራ ሆነ።

ይህ ሥራ ከሩቅ ሲታይ ቀላል ይመስላል። በእውነቱ ግን በዚያን ጊዜ አንድ መልእክተኛ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በበቅሎ የሰሜኑ ጦር ግንባር ለመድረስ ብዙ ሳምንታት ይፈጅበት ነበር። አይሮፕላን ይህን ርቀት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጨርሰዋል። በሌላ በኩል የኢትዮጵያ ደጋ ለአብራሪ እጅግ አስቸጋሪ አገር ነው። በከፍተኛ ቦታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ ክንፉም አይሮፕላኑን እንደ ቆላው አገር በቀላሉ አያነሣውም። ስለዚህ ለመነሣት ረጅም ሜዳ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ሜዳ ደግሞ በተራራማው አገር ውስጥ በብዛት አይገኝም። መንገድ የሚመራ የሬዲዮ ጣቢያ አልነበረም። የሚታመን ካርታም አልነበረም። ደመና ተራራውን በሸፈነው ጊዜ አብራሪው በግምት ይበርራል። በዚህ ሁሉ ላይ የጠላት ተዋጊ አይሮፕላኖች ይጠባበቁ ነበር። ሮቢንሰን ሲያሳድዷቸው በሸለቆ ውስጥ ዝቅ ብለው በመብረርና በደመና ውስጥ በመሸሸግ ያመልጡ ነበር። የሚያበርሩት አይሮፕላን መልሶ የሚተኩስበት መሣሪያ ስላልነበረው ጋሻቸው የገዛ ራሳቸው ችሎታ ብቻ ነበር።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ጦርነት ሳያውጅ የመረብን ወንዝ ተሻገረ። በዚያኑ ቀን አይሮፕላኖቹ በአድዋ ከተማ ላይ ቦምብ ጣሉ። ሮቢንሰን በዚያን ዕለት መልእክት ለማድረስ ሄደው በአድዋ ነበሩ። መጠለያ የሌለው ሕዝብ፣ ሴቱና ሕፃኑ ሳይለይ፣ በቦምብ ሲያልቅ በዓይናቸው አዩ። ስለ አይሮፕላን ሲያስቡ የኖሩት በሰማይ ስለሚገኘው ነፃነት ነበር፤ በአድዋ ግን ያው መሣሪያ በጨካኝ እጅ ሲገባ ምን እንደሚሠራ ተገነዘቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጦርነቱ ለሳቸው የሌላ አገር ጉዳይ መሆኑ ቀረ። በአሜሪካ ጥቁሮችን የሚረግጠው የዘር ንቀትና በኢትዮጵያ ላይ ቦምብ የሚያዘንበው የፋሺስቶች ትዕቢት ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ መሆናቸውን ያመኑ ይመስላል።

ጦርነቱ እየከፋ ሄደ። ኢጣልያኖች ከ1928 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ጀምሮ በዓለም ሕግ የተከለከለውን የመርዝ ጋዝ ከአይሮፕላን ላይ በሠራዊቱ፣ በመንደሮች፣ በወንዞችና በከብቶች ላይ ረጩ። የቀይ መስቀል የሕክምና ጓዶች እንኳ ከቦምብ አልዳኑም። ሮቢንሰን በእነዚያ ወራት ያለ ዕረፍት በረሩ። በጥይትም ቆሰሉ፤ የመርዝ ጋዝም ጎዳቸው። ቁስላቸው ሲሻላቸው ወደ አይሮፕላናቸው ይመለሱ ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው የተደረገው ጦርነት የኢትዮጵያን መደበኛ ጦር ከበተነ በኋላ ግን የአየር ኃይሉም ዕድሜ አከተመ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን ከአዲስ አበባ ወጡ፤ የኢጣልያ ጦርም ሚያዝያ 27 ቀን ገባ። ሮቢንሰን ከጥፋት ተርፈው በግንቦት ወር ወደ አሜሪካ ተመለሱ።

በኒውዮርክና በቺካጎ የተደረገላቸው አቀባበል እጅግ የደመቀ ነበር። በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በየአደባባዩ ወጥቶ እንደ ጀግና ተቀበላቸው። የተሸነፈ ጦር አዛዥ እንዲህ ያለ አቀባበል ማግኘቱ ሊያስገርም ይችላል። ሕዝቡ ያከበረው ግን ድልን ሳይሆን ሰውየው ቀላሉን መንገድ ትተው ከተበደለው ወገን ጎን መቆማቸውን ነው። ሮቢንሰን በየከተማው እየተዘዋወሩ ያዩትን ግፍ ተናገሩ፤ ለኢትዮጵያ ስደተኞች ርዳታም ገንዘብ አሰባሰቡ። ከዚያም በቺካጎ የበረራ ትምህርት ቤት ከፍተው ወደ መምህርነታቸው ተመለሱ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ለአሜሪካ ጦር የአይሮፕላን መካኒኮችን በማሠልጠን አገለገሉ።

በዚህ መካከል በኢትዮጵያ ያሉ አርበኞች አምስት ዓመት ሙሉ ለጠላት ሳይንበረከኩ ተዋጉ። ኢጣልያ በጀርመን ወገን ሆና በጦርነቱ በገባች ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ በ1932 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከእንግሊዝ አገር ወደ ካርቱም መጡ። በሱዳን ከተደረገው ዝግጅት በኋላ በጥር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል የኢትዮጵያን ምድር ረገጡ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ገቡ። ሮቢንሰንን ከኢትዮጵያ ጋር ያገናኟቸው ዶክተር መላኩ በያን ግን ይህን ቀን ለማየት አልታደሉም። ለአገራቸው ሲደክሙ ቆይተው በ1932 ዓ.ም. በአሜሪካ ዐረፉ።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ አየር ኃይሉን እንደገና ለማቋቋም ሲታሰብ ሮቢንሰን ዳግመኛ ተጠሩ። በ1936 ዓ.ም. ጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎችን አስከትለው አዲስ አበባ መጡ። በዚህ ጊዜ የተቀበላቸው የጦር ግንባር ሳይሆን የትምህርት ክፍል ነበር። በልደታ የአይሮፕላን ማረፊያ አዲስ ምልምል ወጣቶችን ሰብስበው ያሠለጥኑ ጀመር። ሮቢንሰን አብራሪ ከመሆናቸው በፊት መካኒክ ስለ ነበሩ ለጥገና ትምህርት ታላቅ ግምት ይሰጡ ነበር። አይሮፕላንን በገንዘብ መግዛት ይቻላል፤ የሚጠግነው ሰው ከሌለ ግን ከጥቂት ወራት በኋላ በሜዳ ላይ የቆመ ብረት ሆኖ ይቀራል። ይህንንም በ1927 ዓ.ም. በዓይናቸው አይተውት ነበር። በዚህ ዘመን ነበር፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው፤ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀንም የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ አደረገ።

የሮቢንሰን አገልግሎት ያለ እንቅፋት አልተፈጸመም። መንግሥት የአየር ኃይሉን ሥልጠና ለማስፋፋት የስዊድን መኮንኖችን አስመጣ። መሪያቸው በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ለቀይ መስቀል ቁስለኞችን በአይሮፕላን ያመላለሱት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነበሩ። ሁለቱም ለኢትዮጵያ በክፉ ቀን የደረሱ፣ ሁለቱም ደፋር አብራሪዎች ሆነው ሳለ ተስማምተው መሥራት አልቻሉም። በ1939 ዓ.ም. ገደማ በመካከላቸው ከባድ ጠብ ተነሣና ሮቢንሰን ከአየር ኃይሉ ተለዩ። ለትልቅ ዓላማ የቆሙ ሰዎችም ቢሆኑ ከሰብዓዊ ድካም ነፃ አለመሆናቸውን ይህ ያሳያል። የተማረ ሰው የሕይወት ታሪክ ሲያነብ መልካሙን ብቻ ለይቶ ሳይሆን ሙሉውን ሰው ማየት ይገባዋል።

ከሥልጣናቸው የወረዱት ኮሎኔል ቅር ብሏቸው ኢትዮጵያን ለቀው ሊሄዱ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ኑሯቸውን በአዲስ አበባ አደረጉ፤ ከበረራ ሥራም አልራቁም። በ1946 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በአዲስ አበባ አንዲት ትንሽ አይሮፕላን ሲያበርሩ አደጋ ደረሰባቸው። አብሯቸው ይበርር የነበረ አንድ ኢጣልያዊ መሐንዲስ ወዲያውኑ ሞተ። ከዓመታት በፊት የኢጣልያ ተዋጊ አይሮፕላኖች ያሳድዷቸው የነበሩት ሰው፣ በመጨረሻው በረራቸው ከአንድ ኢጣልያዊ ጋር በአንዲት አይሮፕላን መቀመጣቸው፣ ጠላትነታቸው ከግፍ እንጂ ከሕዝብ ጋር እንዳልነበረ የሚያመለክት ነው። ሮቢንሰን በጽኑ ቆስለው ሁለት ሳምንት ያህል ከሞት ጋር ከታገሉ በኋላ መጋቢት 18 ቀን 1946 ዓ.ም. ዐረፉ። ብዙ ሕዝብ ሸኝቷቸው፣ ነፃነቷን ሊጠብቁላት በመጡባት በኢትዮጵያ አፈር ተቀበሩ።

ከዚያ ጥቂት አየር ኃይል ዛሬ የቀረ አንድ ማስታወሻ አለ። በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በጀርመናዊው ሉድዊግ ቬበር መሪነት ኢትዮጵያውያን የተሳተፉበት አንዲት አይሮፕላን ተሠርታ ፀሐይ የሚል ስም ተሰጥቷት ነበር። ወራሪዎቹ ወደ ኢጣልያ ወስደዋት በቤተ መዘክር ውስጥ ካስቀመጧት በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። በሮቢንሰን ዘመን የነበረው አየር ኃይል ምን ያህል አነስተኛ እንደ ነበር፣ ነገር ግን ምን ያህል ታላቅ ምኞት እንደ ነበረው ይህች አይሮፕላን ትመሰክራለች።

ኮሎኔል ሮቢንሰን ድል ያደረገ የአየር ጦር አልመሩም። ሕይወታቸው በሙሉ ግን የአንድ ሥራ ተከታታይ ምዕራፎች ነበሩ ለማለት ይቻላል። በቺካጎ የተዘጋባቸውን ትምህርት ቤት ከገቡበት በኋላ ለሌሎች አስከፈቱት። በሮቢንስ ሜዳ አጥተው ሜዳ ሠሩ። በተስኪጊ የዘሩት ሐሳብ ከዓመታት በኋላ አፈራ። በኢትዮጵያም አንድ ጊዜ በጦርነት፣ አንድ ጊዜ በሰላም፣ የያዙትን ዕውቀት ለወጣቶች አስረከቡ። አይሮፕላኖቹ አርጅተው ከጥቅም ውጭ ሆነዋል። ከሰው ወደ ሰው የተላለፈው ዕውቀት ግን አላረጀም። ስለዚህ የአንድ አዛዥ ታላቅነት የሚለካው ባሸነፈው ጦርነት ብቻ ሳይሆን፣ ከሱ በኋላ ሥራውን ሊቀጥሉ የሚችሉ ስንት ሰዎችን አፍርቶ እንዳለፈም ጭምር መሆኑን ከኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ሕይወት እንማራለን።